ከቁራሌው የተረፉት አባት

እትዬ ሄራን አንድ ቀን ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ስትነሳ በሩ አልከፈት አላት። እንደ ልማዷ ቆም ብላ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ በሩ ቶሎ የሚከፈተው ሲስሉለት ነው የሚል የግል እምነት ነበራት። በሩ ዝም።

«ዘበኛው፣ ክፈት እንጂ።»

ዘበኛው ሰው አይደለም። ድሮ ከብሎኩ መግቢያ ካፖርታቸውን ደርበው የሚቀመጡት ሽማግሌ ከተሰናበቱ ወዲህ በየግድግዳው የገባውን ነገር ሰዉ ሌላ ስም ሳያወጣለት ዘበኛው እንዳለው ቀረ። በር ይከፍታል፣ መብራት ያጠፋል፣ ማን እንደታመመ በየኮሪደሩ ይናገራል። የመጨረሻውን ያስተማረው ዕድሩ ነው፤ ጎረቤት ሳይጠይቀው የሚያልፍ ሕመም እንዳይኖር ተብሎ።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ ሄራን» አለ ከማንም በማይጣላ ድምፁ። «ቤትዎ አንድ አቅመ ደካማ አባት አሉ። ብቻቸውን ጥለው መውጣት አይችሉም።»

እትዬ ሄራን ዞር ብላ ቤቷን አየች። ያለችው እሷ ናት፤ ሌላው ጉዷ ነው።

ጉዷ እንግዲህ ይሄ ነው። ልጇ ብርክታዊት አግብታ አዳማ ከገባች ወዲህ ባዶ ቤት አላስቀምጥ ሲላት፣ ሰው ለቁራሌው ብሎ ደጁ ላይ የሚያወጣውን አሮጌ ዕቃ መልቀም ጀመረች። ቁራሌውም እንደ ዘበኛው ነው፤ ሰውየው ቀርቶ ጋሪው ብቻውን ደረጃ ለደረጃ ይወጣል፣ ጥሪው ግን ያው የጥንቱ ነው። ጋሪው «ቁራሌው» እያለ ሦስተኛ ፎቅ ሳይደርስ እሷ አራተኛውን ጨርሳ ገብታለች። የተሰነጠቀ ጀሪካን፣ የክኒን ማሸጊያ፣ ዚፕ፣ የመነጽር እጀታ፣ የጫማ ሶል፤ አትመርጥም። መጀመሪያ ካርቶን ላይ እየለጠፈች ግድግዳውን ሞላችው። የሚያብለጨልጨውን የክኒን ማሸጊያ ከሰማያዊ ጀሪካን ቁራጭ ጎን ስታደርገው ውኃ ያየች ይመስላታል። ግድግዳው ሲያልቅባት ማቆም ጀመረች። የቆመውን ሙጫ አታስነካውም፤ ከተቃጠለ ምድጃ በላጠችው የመዳብ ሽቦ ታስረዋለች። አንድ ነገር አስራ ወጥ ልታማስል ትሄዳለች። ስትመለስ ዓይኗ ቀድሞ ያን ነገር ካየ ትፈታዋለች፤ ሳታየው ካለፈች ቦታውን አግኝቷል ማለት ነው።

በዚያ ክረምት ከብሎኩ ሽማግሌዎች ብዙዎቹ አረፉ። በየደጁ የሚወጣውም የእነሱ ዕቃ ሆነ፤ የጉልበት መደገፊያ፣ የከዘራ ጫፍ ጎማ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ቀበቶ፣ ወፍራም መነጽር፣ አዛውንት ልባቸው እንዲቆጠር እጃቸው ላይ የሚያደርጉት አምባር። ከዚህ ሁሉ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ጋር ዘመም ብሎ የቆመ አንድ ነገር ወጣ። ራስ የለውም፣ እጅ የለውም። ሰው ለማስመሰል ብላ አልሠራችውም፤ እንዲያውም ሰው መምሰል ሲጀምር ሁለቴ አፍርሳዋለች። ከሠራችው ሁሉ እሱን የሚያህል አልነበራትም። ያየው ሁሉ «ምንድነው?» ይላታል። «ምንም አይደለም» ትላለች ኮራ ብላ።

«ማናቸው?» ብሎ የጠየቀ ዘበኛው የመጀመሪያው ሆነ።

ዘበኛው ሰውን በመልኩ አያውቅም። የሚያውቀው በለበሰው ነው። ጫማው፣ ቀበቶው፣ መነጽሩ፣ ሁሉም ከፋብሪካ ሲወጣ የተዘራበት ምልክት አለው፤ ምልክቱም ቁራሌው እስኪፈጨው አይሞትም። እትዬ ሄራን ያሰረችው ነገር ደግሞ አንድ ሽማግሌ ከላይ እስከ ታች የሚይዘውን ሁሉ ይዟል። በዚያ ላይ አምባሩ አለ። ከግድግዳው ጀርባ ውኃ የሚገፋው ፓምፕ ድው፣ ድው ባለ ቁጥር ልብ ነው ብሎ ይቆጥራል።

«ሰው አይደለም እኮ» አለች። «እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«እንደዚያ አይባልም፣ እትዬ ሄራን። የልብ ምታቸው ጥሩ ነው። የሚያሳስበው አለመንቀሳቀሳቸው ነው።»

ዳቦው ቢቀር ግድ አልነበራትም። ግን የብርክታዊት ወር ገብቶ ነበር። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ባሏ ለባቡር ሥራ ጅቡቲ ወርዷል፤ «እማ፣ አራስ ቤት ብቻዬን እንዳትተዪኝ» ብላ ከለመነቻት ወዲህ እትዬ ሄራን ሻንጣዋን በሩ ሥር አስቀምጣ ቀኑን ነበር የምትጠብቀው።

«እሺ፣ ጎረቤቴ ሶልያና ትጠብቃቸው።»

«ጠባቂ የሚቀየረው ታማሚው ሲፈቅዱ ነው።»

«አይናገሩም።»

«እንግዲያው እስኪሻላቸው እንጠብቃለን።»

አንቱ ማለት እንደጀመረች የገባት ያኔ ነው። ተናደደችና ፒንሳዋን አንስታ ወደ አምባሩ ሄደች። ገና ሽቦውን ቆንጠጥ ስታደርገው መብራቱ ሁሉ ቦግ አለ።

«የታማሚ አምባር በጠባቂ እጅ አይፈታም። ዳግመኛ ከነኩት ለሕግ አሳውቃለሁ።»

የጉልበት መደገፊያውን ብትፈታ ደግሞ «አባት ተጎድተዋል» ብሎ ዕቃ በሚያቀብልባት የግድግዳ መስኮት የቁስል ቅባትና ትኩስ ሾርባ ላከ። ከዚያ ወዲያ ሾርባው አልቀረም። ጠዋት ይመጣል፣ ማታ ይመጣል። መጀመሪያ ቀን ደፋችው። በማግስቱ ቀመሰችው። ከዚያ በኋላ ጨው ያንሰዋል እያለች የምትበላው እሷ ነበረች።

ቀኑ እንዲህ ሆነ፤ ጠዋት ዘበኛው «አባት እንዴት አደሩ?» ይላል፣ «ደህና ናቸው» ትላለች፤ ዝም ካለች ደጋግሞ ይጠይቃታልና። ረፋድ ላይ ጎናቸው እንዳይቆስል እንድታገላብጣቸው ያሳስባታል። ታገላብጣለች። አንድ ጊዜ ወደ መስኮቱ ካዞረችው በኋላ ራቅ ብላ ስታየው፣ የመነጽሩ ብርጭቆ የከሰዓቱን ፀሐይ ይዞ የከዘራው ጎማ ላይ አሳርፎታል። «በዚህ በኩል ይሻላል ለካ» አለች ለራሷ። በዚህ ይበልጥ በገነች። ልጇ ልትወልድ ነው፤ እሷ እዚህ ተዘግቶባት የጥላ አወዳደቅ ታያለች።

ዘበኛው በኮሪደሩ ሲናገር ሰምታ መጀመሪያ የመጣችው ከፊት ለፊት በር ያለችው እትዬ ሶልያና ናት። ብርቱካን ይዛለች፤ በሩ ለጠያቂ ይከፈታል፣ የሚዘጋው ለእትዬ ሄራን ብቻ ነው።

«ሳትጠሪን አገባሽ?» አለች ገና ሳትቀመጥ።

«ሶልያና፣ አታብሽቂኝ።»

«አይ፣ ደስ ይላሉ። ዝምተኛ ናቸው። የኔው ሰውዬ ግማሹን ቢሆንልኝ ወፍሬ አልነበር?»

«ልጄ ልትወልድ ነው እኮ።»

ሶልያና ፈገግታዋን ሰበሰበች። ብርቱካኑን ልጣ ከፋፈለች። ሁለት ፍሬ ሳታስበው ከቆመው ነገር እግር ሥር አስቀመጠች፤ የታመመ ለመጠየቅ የገባ ሰው እጅ የሚያውቀው ይህንኑ ነውና።

በማግስቱ የዕድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ናኦል ሌሎች ጎረቤቶች አስከትለው መጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ወደ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ጎንበስ ብለው «ይማርዎት» አሉ፣ ከዚያ ያሉት ገባቸውና ባርኔጣውን ያለ ምክንያት ያራግፉ ጀመር።

«ይህን በር የሚከፍተው አንድ ነገር ብቻ ነው» አሉ ኋላ፣ ጎረቤቱን ሰብስበው። ዘበኛው እንዳይሰማቸው የወጥ ቤቱን ቧንቧ ለቀቅ አደረጉ። ከግድግዳው ጀርባ ፓምፑ ተነሳ፤ ድው ድው ድው።

«የአባት ልብ ፈጥኗል» አለ ዘበኛው። «እንግዶች እባካችሁ አታስጨንቋቸው።»

ሰዉ ሁሉ ቧንቧውን አየ። ጋሽ ናኦል ቀስ ብለው ዘጉት። ፓምፑ ዝግ አለ።

«አሁን ተረጋግተዋል። እግዜር ይስጥልኝ።»

ሶልያና አፏን በነጠላዋ ያዘች። የሚሠራው ሥራ ለሁሉም ግልጽ ሆነ፤ ፓምፑ መቆም አለበት። በዚያው ዕለት ከፎቅ ፎቅ «ውኃ ሊጠፋ ነው» ተባለ። ውኃ ሊጠፋ ነው ሲባል ለምን ብሎ የሚጠይቅ የብሎኩ ሰው የለም፤ ልጆቹ እንኳ ሳይነገራቸው ጀሪካን ይዘው ይሰለፋሉ። ቅዳሜ ሁሉም ቤት በረንዳው ላይ ጀሪካኑን ደርድሮ፣ ቧንቧውን ጠርቅሞ ቁጭ አለ።

ፓምፑ ቆመ። እትዬ ሄራን ከቆመው ነገር ፊት ተቀምጣ ትጠብቃለች። መንታ ልብ ነበራት፤ እንዲቆም ትፈልጋለች፣ እንዳይቆምም ትፈልጋለች። ያኔ አንዱ ሁለተኛ ፎቅ ያለ ዝንጉ ሽንት ቤቱን ለቀቀ። ድው።

«አባት ነቅተዋል» አለ ዘበኛው።

«ማነው እሱ!» እያሉ ጋሽ ናኦል በደረጃው ወረዱ። ከታች ጭቅጭቅ ተሰማ፣ በር ተጠረቀመ፣ እንደገና ጸጥ አለ። ዘበኛው የሚቆጥረው ምት አጣ።

«አባት አርፈዋል» አለ በመጨረሻ። «እግዜር ያጥናዎት።»

ሶልያና ሥራው ያምር ዘንድ ለቅሶውን ለመጀመር አስባበት ነው የመጣችው። ደረቷን መታ አድርጋ «አባብዬ» ብላ ተነሳች፣ ወደ ቆመው ነገር ቀረበች፣ መነጽሩን አየች። ዓይኖቿ እዚያው ቀሩ። ያባቷ መነጽር ነው፤ ከቀብሩ ማግስት ራሷ ናት ደጅ ያወጣችው። ከዚያ በኋላ ያለቀሰችው ለቅሶ የማስመሰል አልነበረም። ሌላዋ ቀበቶውን አወቀች። አንዱ የጉልበት መደገፊያውን ይዞ ተቀመጠ። ቤቱ ሙሉ ሰው የዚያን ክረምት ሙታን እንደገና አለቀሰ፤ ሁሉም ደግሞ የቤቱ ባለቤት እሷ ናትና እትዬ ሄራንን እያቀፈ «እግዜር ያጥናሽ» አላት።

በዚህ መሐል ስልኳ ጮኸ።

«እማ» አለች ብርክታዊት፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ጀምሮኛል። የት ደርሰሻል?»

«መጣሁ» አለች እትዬ ሄራን፤ ሻንጣዋን አነሳች። በሩ ዘንድ ደረሰች።

«እትዬ ሄራን፣ ዋና ሐዘንተኛ እርስዎ ነዎት» አለ ዘበኛው። «ሐዘንተኛ ሐዘን ቤቱን ትቶ አይሄድም። እስከ አርባው አብረንዎት ነን።»

«ይሄን ደግሞ ማነው ያለው?»

«ዕድሩ። ጋሽ ናኦል በድምፃቸው ነግረውኛል።»

ሰዉ ወደ ጋሽ ናኦል ዞረ። እሳቸው የጫማቸውን ማሰሪያ ያዩ ነበር። «አንዲት ባልቴት ከሐዘኗ ሳትወጣ ብቻዋን ወጥታ መኪና ገጭቷት ነበር» አሉ። «ያኔ ጥሩ ሐሳብ መስሎን ነው።»

እትዬ ሄራን ሻንጣውን አስቀመጠች። አልጮኸችም። ከቆመው ነገር ፊት ሄዳ እንደሁልጊዜው ራቅ ብላ አየችው፣ ከዚያ የራሷን ጫማ አየች፣ ነጠላዋን አየች። አንድ ዕቃ ሲጎድላት የምታይበት አስተያየት ነበር።

«ዘበኛው፣ አስከሬኑን ማን ነው የሚገንዘው?»

«ቤተሰብ ነው።»

«እንግዲያው ሰዎች፣ ዞር በሉልኝ። ሶልያና አንቺ ቆዪ።»

ሽቦውን አንድ በአንድ ፈታች። ዘበኛው አልከለከላትም፤ የሞተ ሰው ሕመም የለውም። መነጽሩን ፈታች፣ ቀበቶውን፣ ሶሉን። ስንት ጊዜ ወጥ ልታማስል ሄዳ የተመለሰችበትን ሥራ። እስከዚያች ሰዓት እንባዋ አልመጣም ነበር፤ ከዘራው ጎማ ላይ ስትደርስ መጣ። ሶልያና የሚፈታውን ትቀበላለች። ባዶው የሽቦ አካል ብቻ ሲቀር እትዬ ሄራን ጫማዋን አውልቃ ከእግሩ አሰረችው፣ ቀሚሷን አለበሰችው፣ ነጠላዋን አከናነበችው፣ ስልኳንና ቀለበቷን ሰጠችው። ወንበር ላይ አስቀመጠችው። እሷ የሽማግሌዎቹን ዕቃ በላይዋ ላይ አሰረች፤ አምባሩን ብቻ ልቧን እንዳይቆጥር ከተጠቀለለችበት ብርድ ልብስ ላይ አደረጉት።

«ትመስላለች?» አለች በሹክሹክታ።

ሶልያና ወንበሩ ላይ ያለችውን አየች። «ከአንቺ ትሻላለች። አንገቷን ደፍታለች፤ አንቺ መቼ ደፍተሽ ታውቂያለሽ?»

ወንዶቹ ቃሬዛውን አነሱ። እትዬ ሄራን በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ ዓይኗን ጨፍና በበሯ ላይ አለፈች። በሩ ሳይሳልለት ወለል ብሎ ተከፈተ።

«እትዬ ሄራን፣ በርቱ» አለ ዘበኛው፣ ለወንበሩ።

ከመቃብሩ ስፍራ የዕድሩ አሮጌ አውቶቡስ አዳማ አደረሳት። ባለመሪ ነው፣ የሚያሽከረክረው ሰው ነው፣ ማን ነሽ አይልም። መንገዱን ሙሉ ስትጸልይ ሄደች። ስትደርስ ግን ብርክታዊት ከወለደች አድራለች። ወንድ ነው። ከብሎኳ መግቢያ መስታወት ወዲያ ሕፃኑን በሻርፗ ጠቅልላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ፊቷ ገርጥቷል። ብቻዋን ነበረች።

የዚያ ብሎክ ዘበኛ የሴት ድምፅ አለው። «አባት፣ እርስዎ አርፈዋል» አለቻት ለእትዬ ሄራን። «እባክዎ በሩን አይያዙ።»

እትዬ ሄራን መነጽሩን፣ ቀበቶውን፣ አምባሩን፣ የሽማግሌዎቹን ዕቃ ሁሉ አውልቃ መሬት ጣለች። ድምፁ ዝም አለ። አሁን ከበሩ ውጭ ማንም የለም።

«እናቴ ናት። ክፈቺ» አለች ብርክታዊት።

«እናትዎ አዲስ አበባ ቤታቸው ናቸው። ሐዘን ላይ ናቸው፣ እግዜር ያጥናዎት። አራስ ነዎት፣ ብርድ አይምታዎት።»

ብርክታዊት መስታወቱን በመዳፏ መታችው። እንባዋ ወረደ። እትዬ ሄራን ከወዲያ መዳፏን መዳፏ ላይ አደረገች፤ ቀዝቃዛ መስታወት ብቻ ነበር። ከዚያ በጣቷ ወደ ላይ፣ ወደ በረንዳው አሳየቻት።

«የለበስሽውን ጣይልኝ።»

ብርክታዊት በረንዳው ላይ ወጣች፤ ነጠላ ጫማዋ ወረደ። ጋዋኗ ወረደ። የፀጉር ማስያዣዋ፣ ሰዓቷ፣ ቀለበቷ ወረደ። እትዬ ሄራን አንድ አንዱን ከመሬት እያነሳች ታደርጋለች፣ ወደ በሩ ትቀርባለች፣ በሩ ዝም ይላል፣ ትመለሳለች። ሰዓቱን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረችው። ጋዋኑን ፈትታ እንደገና አሰረችው። ሠፈርተኛው ቆሞ ያያታል፤ አላፈረችም።

«አንድ ነገር ይጎድላል» አለች ወደ ላይ።

«ሌላ የለኝም እማ። ሻርፑ ብቻ ነው፣ እሱን ሕፃኑ ለብሶታል።»

«እሱን ነው።»

ሻርፑ እየተንሳፈፈ ወረደ። ገና ወተት ወተት ይሸታል። ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው።

«ብርክታዊት፣ ምነው አራስ ሆነው ወጡ?» አለ በሩ፣ ተከፈተም። «ይግቡ። ከእንግዲህ እስከ ክርስትናው አልከፍትም።» ከኋላዋ ተዘጋ።

ልጇ ከደረጃው ራስ ላይ በውስጥ ልብሷ፣ በጨለማ ቆማለች። እትዬ ሄራን ደረጃውን ስትወጣ መብራቱ እሷን ተከትሎ ይበራል፤ ብርክታዊት የቆመችበት ግን ጨለማ ነው፤ ቤቱ አያውቃትም። እትዬ ሄራን አንዱን ነጠላ ጫማ አውልቃ ልጇ እግር ላይ አደረገችላት። መብራቱ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየተርገበገበ፣ የቱ ጋ እንደሚሆን አጥቶ ቀረ።

«እማ፣ አሁን እንዴት ነው የምትወጪው?»

እትዬ ሄራን ሕፃኑን ተቀብላ ነበር። ራቁቱን ነው፣ ይሞቃል፣ ገና ምንም ምልክት አልተዘራበትም። የጋዋኑን ደረት ከፍታ ቆዳዋ ላይ አስጠጋችው።

«የሕፃን ድምፅ ይሰማኛል፣ አላየሁትም» አለ ቤቱ። «እባክዎ ያልብሱት።»

«ይደርሳል» አለች።